አላትምም ያለ ፕሪንተር ሁሉ አልተበላሸም

ልደታ የቀጠሮ ሰፈር ነው። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ በሩን በከፈተ ቁጥር፣ ፋይሉን በብብቱ የሸጎጠውም ሰነዷን በፌስታል የያዘችውም ወደዚያው ይተማሉ። በዙሪያው ደግሞ አቤቱታ በመጻፍ፣ በመተየብና ፎቶ ኮፒ በማንሳት የሚተዳደረው ብዙ ነው። ድሮ ይህ የጽሕፈት መኪናና የካርቦን ወረቀት እንጀራ ነበር። ዛሬ ላፕቶፕና ፕሪንተር ያለው ሰው ከኮንዶሚኒየም ቤቱ ሳይወጣ፣ ከሳሎኑ ጥግ ሆኖ ይሠራዋል።

ችግሩ የሚመጣው ፕሪንተሩ ያደመ ዕለት ነው። ሱቅ የከፈተ ሰው ሁለተኛ ማሽን አያጣም። ቤቱ ሆኖ የሚሠራው ግን ያለችው አንዲት ናት። እሷ እምቢ ስትል የዕለቱ ገቢ ይቀራል፤ ደንበኛ ይሄዳል፤ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የሌላ ሰው ቀጠሮ ያልፋል። ደንግጦ ጥገና ቤት የሮጠ ሰው ላልተበላሸ ዕቃ የሚከፍልበት ጊዜም ጥቂት አይደለም።

በእኔም ደርሷል። ባለፈው ክረምት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ የሚላቸው ጎረቤታችን የመከላከያ መልስ በፍላሽ ይዘው መጡ። የወንድማቸው ልጅ ደብረ ብርሃን ሆኖ ተይቦ የላከላቸው ነው። ቀጠሮው ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት፤ ክርክሩ ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ቤት። መልስ በቀኑ ካልገባ መልስ የመስጠት መብት ሊታለፍ እንደሚችል ልደታ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ፍላሹን ከመክፈቴ በፊት ማሽኑን ልሞክር ብዬ አንድ ገጽ አዘዝኩ፤ ጸጥ። ደግሜ አዘዝኩ፤ ጸጥ። አጥፍቼ አበራሁት፤ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ዝም ብሎ ያየኛል። በፎጣ ጠቅልዬ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ሰውየው ክዳኑን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ቦርዱ ተቃጥሏል አለኝ። የቦርዱ ዋጋ የማሽኑን ግማሽ ነው፤ የሚገኘውም ከሦስት ቀን በኋላ።

አንገቴን ደፍቼ ይዤው ተመለስኩ። ደረጃው ላይ ያገኘኝ ኮምፒውተር የሚማር የጎረቤት ልጅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ከኮምፒውተሩ ነቅዬ የራሱን የሙከራ ገጽ አስወጥቼው እንደሆነ። አላስወጣሁም። አስወጣነው፤ ጥርት ብሎ ወጣ። ቦርዱ ተቃጥሏል የተባለው ማሽን! ጥፋቱ ከኮምፒውተሩ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት መብራት ሲሄድ መሀል ላይ የተቋረጠ ሰነድ ወረፋው ፊት ተገትሮ ከኋላው የመጣውን ሁሉ አግዷል። የልጁ አሠራር ለማንም ይጠቅማልና እነሆ በቅደም ተከተል።

መጀመሪያ የታመመውን ይለዩ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ፕሪንተሩ አላትምም ሲል ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ ኮምፒውተሩ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው መስመርና ማሽኑ ራሱ። ገመዱን ከኮምፒውተሩ ይንቀሉና በማሽኑ ቁልፎች የሙከራ ገጽ ያስወጡ። አጫጫኑ ከማሽኑ ጋር በመጣው መመሪያ ላይ አለ። ማሽኑ ፎቶ ኮፒም የሚያነሳ ከሆነ የበለጠ ይቀላል፤ መስታወቱ ላይ አንድ ወረቀት አስቀምጠው ኮፒ ያድርጉ። ከወጣ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ጠጋኝ ዘንድ የሚያስኬድ ጉዳይ የለዎትም። ካልወጣ ደግሞ ኮምፒውተሩን በመነካካት ጊዜ አያጥፉ።

ማሽኑ ጤነኛ ከሆነ በመጀመሪያ የሚታየው ወረፋው ነው። ኮምፒውተር ሰነድን በቀጥታ ወደ ማሽኑ አይልክም፤ ስፑለር የሚባል ተራ አስከባሪ ተቀብሎ ያሰልፈዋል። ከፊት ያለው ከተበላሸ የኋለኛው አያልፍም። ወረፋውን ከፍተው ሁሉንም ይሰርዙ። አልሰረዝም ካለ፣ በዊንዶውስ ሰርቪስስ ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ፕሪንት ስፑለር የሚለውን ያቁሙ፤ ስፑል በሚባለው ማኅደር ሥር ፕሪንተርስ የሚለውን ንዑስ ማኅደር ባዶ ያድርጉና ስፑለሩን መልሰው ያስነሱ። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ፤ የታሰረው ሰነድ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃልና።

ሁለተኛው፣ ትዕዛዙ ወደ ሌላ መሄዱ ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 መጨረሻ ያዘዙትን ፕሪንተር እንደ ዋና አድርገው እንዲይዙ ተደርገው ሊገኙ ይችላሉ። ትናንት ፋይል ወደ ፒዲኤፍ የቀየረ ሰው ዛሬ ወረቀት ሲጠብቅ ይውላል። የዩኤስቢውን ገመድ ወደ ሌላ ቀዳዳ ሲቀይሩም ኮምፒውተሩ ያንኑ ማሽን እንደ አዲስ እንግዳ ቆጥሮ በሁለተኛ ስም ሊመዘግበው ይችላል። ኦፍላይን የሚል ምልክት ተደርጎበት እንደሆነም ይመልከቱ።

ሦስተኛው መስመሩ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ እንደ አዲስ ይነሳና ለፕሪንተሩ ሌላ አድራሻ ሊሰጠው ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ግን በአሮጌው አድራሻ በር ያንኳኳል። መፍትሔው ራውተሩ ለፕሪንተሩ ቋሚ አድራሻ እንዲይዝለት ማድረግ ነው። ብዙዎቹ የቤት ፕሪንተሮች የሚያውቁት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ መሆኑንም ያስታውሱ። ዋይፋይ ያለው ሰውም ቢሆን አንድ የዩኤስቢ ገመድ መሳቢያው ውስጥ ቢያኖር ለክፉ ቀን ይሆነዋል።

ጥፋቱ ከማሽኑ ሲሆን

እዚህ ላይ የማሽኑ ዓይነት ይወስናል። ባለ ፈሳሽ ቀለሙ ከተቀመጠ ይደርቃል፤ ቀለም የሚረጭባቸው ደቃቅ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። በየሳምንቱ አንድ ባለ ቀለም ገጽ ማተም ከብዙ ወጪ ያድናል። የማጽጃ ትዕዛዙ ይረዳል፤ ግን ራሱ ቀለም ይጠጣል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክረው ካልተሻለ ለጥቂት ሰዓት አሳርፈው ይሞክሩ እንጂ አሥር ጊዜ አይደጋግሙ። ማሽኑን በራሱ ቁልፍ ሳያጠፉ ከሶኬት አይንቀሉ፤ በቁልፉ ሲጠፋ ነው የቀለሙን ጭንቅላት ክዳኑ ሥር የሚያሳርፈው። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ግን ጭንቅላቱ ተከፍቶ ይቀራል፤ ሲመለስ ማብራትና በቁልፉ ማጥፋት ነው።

ባለ ቶነሩ ሌዘር በመቀመጥ አይደርቅም፤ ዱቄት ነውና። ሲደበዝዝ ካርትሪጁን አውጥቶ ወደ ግራና ቀኝ በቀስታ መወዝወዝ ጥቂት ገጾች ይጨምራል። አዲስ ካርትሪጅ ገብቶ ባዶ ወረቀት ከወጣ፣ የማሸጊያው ፕላስቲክ ተስቦ መውጣቱን ይዩ። ሌዘር ዱቄቱን በወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው በኃይለኛ ሙቀት ስለሆነ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ይስባል። ስለዚህም አምራቾች በዩፒኤስ ላይ እንዳይሰካ ይመክራሉ። ለኮምፒውተሩ የተገዛችው ትንሽ ዩፒኤስ ሌዘር አትችልም።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ወረቀት እርጥበት ይጠጣል። እርጥብ ወረቀት ይጣበቃል፣ ይጠቀለላል፣ ማሽኑ ውስጥ ይቀረቀራል። እሽጉን ከፍቶ መስኮት ሥር ከማኖር በፌስታል ጠቅልሎ ማስቀመጥ፣ ከማስገባትም በፊት ማራገብ ይበጃል። የተቀረቀረ ወረቀት በሚሄድበት አቅጣጫ፣ በሁለት እጅ፣ ሳይቀደድ ይሳባል። ቅዳጅ ውስጥ ከቀረ ማሽኑ እሱን እየቆጠረ ማደሙን አይተውም።

ወጣ፤ ግን አማርኛ አይደለም

የእትዬ ጉዳይ በወረፋው አላበቃም። ማሽኑ ታርቆ ፍላሹን ስንከፍት የመከላከያ መልሱ በላቲን ፊደል የተዘበራረቀ ሆኖ ብቅ አለ። ይህ የፕሪንተር ጥፋት አይደለም፤ የፊደል ጉዳይ ነው። እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ቀደምት ፕሮግራሞች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀምጠው ይሠሩ ነበር። ያ ፊደል ያልተጫነበት ኮምፒውተር የሚያየው ላቲኑን ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ቢሆንም በአሮጌው መንገድ የተጻፈ ፋይል ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፋይሉን በተጻፈበት ኮምፒውተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ። ፒዲኤፍ ፊደሉን አብሮ ተሸክሞ ይሄዳል። ደብረ ብርሃን ደወልን፤ የወንድማቸው ልጅ ለውጦ በቴሌግራም ላከው። በቤቱ ለሰው የሚያትም ሁሉ ደንበኛውን አስቀድሞ ፒዲኤፍ ቢጠይቅ ከብዙ ጭቅጭቅ ይድናል።

የፕሪንተር ዋጋ የገጹ ዋጋ ነው

አምራቾች ማሽኑን በርካሽ ሸጠው ትርፋቸውን ከቀለሙ መልቀም የቆየ ልማዳቸው ነው። አንዳንዶቹ ከራሳቸው በቀር የሌላውን ካርትሪጅ እንዳይቀበል አድርገው ይሠሩታል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 በርካታ የኤችፒ ማሽኖች የሌላ ፋብሪካ ካርትሪጅ በድንገት አልቀበልም ብለው ዓለምን አነጋግረዋል። በአንጻሩ ኤፕሰን እ.ኤ.አ. በ2010 በኢንዶኔዥያ የጀመረው ዓይነት፣ ቀለም ከጠርሙስ የሚሞላበት ባለ ታንክ ማሽን ሲገዙት ይወደዳል፤ ገጹ ግን ይረክሳል።

የእኛ ገበያ ይህን ሁሉ የሚያስገባው በውጭ ምንዛሪ ነው። የብር ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ጥቂት ወራት ሳይሞላው ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ ቀለምና ቶነር የሚገዛ ሰው ሒሳቡን በገጽ ማሰብ አለበት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የገጽ ብዛት የተለካው ገጹን 5 በመቶ ያህል በሚሸፍን ጽሑፍ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር የሞላ አቤቱታ ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው የመጀመሪያ ካርትሪጅም ብዙ ጊዜ ያልሞላ ነው።

ለማሳያ ብቻ አንድ ስሌት እናስቀምጥ። ካርትሪጁ 3,000 ብር፣ የሚያወጣውም 1,500 ገጽ ቢሆን ለአንድ ገጽ 2 ብር ነው። 500 ቅጠል ወረቀት 750 ብር ቢገዛ ለቅጠሉ 1 ብር ከ50። ድምሩ 3 ብር ከ50 ይሆናል። ገጹን 5 ብር የሚያስከፍል ሰው መብራትና ድካሙን ሳይቆጥር የሚተርፈው 1 ብር ከ50 ነው። እንግዲህ ላልተቃጠለ ቦርድ 1,500 ብር የከፈለ ሰው የ1,000 ገጽ ትርፉን በአንድ ቀን አስረከበ ማለት ነው። የሙከራ ገጹ የሚጠይቀው አንድ ቅጠል ወረቀት ብቻ ነበር።

ጠጋኝ አያስፈልግም አልተባለም። ማሽኑ ጭራሽ ካልበራ፣ የተቃጠለ ከሸተተ፣ ውስጡ ከተንጫጫ የባለሙያ ጉዳይ ነው። ያኔም ቢሆን የሙከራ ገጹን ውጤት ይዘው ይሂዱ፤ ዋጋውን ከመክፈትዎ በፊት ይጠይቁ፤ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ይቀበሉ።

እትዬ ሰኞ ጠዋት መልሳቸውን በቀጠሯቸው ሰዓት አስገብተዋል። ክርክሩ ገና አላለቀም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ዘወትር ዓርብ ማታ አንድ የሙከራ ገጽ አወጣለሁ።