ከቫይታሚን በፊት ጭንብል፦ አንቲኦክሲዳንትና የራያ ማሳዎች



ውድ ወንድምና እህቶች፣ ብዙዎቻችን ለእረፍት ወደ ቆቦና ራያ ቆላ ስንገባ ቤተሰብን በማሳ ሥራ እናግዛለን። በከርሰ ምድር ውሃ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም ጸረ ተባይ ኬሚካል ይረጭበታል። በ2013 ዓ.ም. መባቻ የበረሃ አንበጣ ራያን ሲወርም ኬሚካል ተረጭቷል። ወጥ ቤት ስንገባ ደግሞ እናቶቻችን የሚውሉበት የማገዶ ጭስ አለ። እነዚህ ነገሮች የበሽታ መከላከያ ሕዋሶቻችንን እንዴት ይጎዳሉ? ምግብስ ምን ያህል ይጠብቀናል?

ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርም ሲገጥማቸው ፍሪ ራዲካል የሚባሉ፣ ኤሌክትሮን የጎደላቸው ሞለኪውሎችን አምርተው ይገድሉታል። ችግሩ የሚመጣው መጠኑ ሲበዛ ነው። እንደ ማላታዮን ያሉ ኬሚካሎችና ጭስ ያበዙታል፤ ያን ጊዜ ፍሪ ራዲካሎቹ የራሱን የሕዋሱን ሽፋንና ዲኤንኤ ያጠቃሉ።

አንቲኦክሲዳንት እዚህ ላይ ይገባል። የቤታችን ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠው ዚንኩ ኤሌክትሮኑን ሰጥቶ ብረቱን ከዝገት እንዲያድን ነው። ቫይታሚን ኢ በሕዋሱ ሽፋን ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ቫይታሚን ሲ ደግሞ የተጎዳውን ቫይታሚን ኢ መልሶ ያድሰዋል። ሎሚ፣ ቃሪያ፣ ጎመን፣ ለውዝና ሱፍ ጥሩ ምንጮች ናቸው። የቀይ ማሽላችን ቅርፊትም ፖሊፊኖል አለው፤ ሲፈተግ ግን ይቀንሳል።

ይሁንና በቤተ ሙከራ እነዚህ ቫይታሚኖች በኬሚካል የተነኩ የደም ሕዋሳትን ጉዳት መቀነሳቸው ቢታይም፣ ክኒን መዋጥ መከላከያ ልብስ አይሆንም። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሾች የተሳተፉበት፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት ቤታ ካሮቲን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ገደማ ጨምሮ አግኝቶታል።

በመድረሳ የተማርነው የፊቅህ መርሕ እዚህም ይሠራል፦ ጉዳትን መከላከል ጥቅምን ከማምጣት ይቀድማል። ስለዚህ ቤት ስንሄድ እነዚህን እናስለምድ፦

• ፊት ላይ የተጠመጠመ ፎጣ የኬሚካል ትነት አያግድም፤ ለርጭት የተሠራ ጭንብል፣ ጓንትና እጅጌ ሙሉ ልብስ ይለበስ።
• ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ መርጨት፤ እየረጩ አለመብላትና አለመቃም።
• የርጭት ልብስን ለብቻ ማጠብ፤ ባዶ ጀሪካኑን ለውሃም ለዘይትም አለመጠቀም።
• ከርጭት በኋላ መለያው ላይ የተጻፈው ቀን ሳይሞላ አለመልቀም።
• ለወጥ ቤቱ የጭስ መውጫ ማበጀት።

ጎመኑና ሎሚው ከዚህ ቀጥሎ ይምጣ። አላህ የቤተሰቦቻችንን ጤና ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።