የእንሰት ሥር ሚሊበግ፦ በችግኝ ተሸክመን የምናስገባው የጓሮ ተባይ

በጌዴኦ ዞን ወደ አንድ ጓሮ በገባን ጊዜ የቤቱ ባለቤት ቅጠላቸው የገረጣና ዕድገታቸው የቆመ የእንሰት ተክሎችን አሳዩን። ዝናብ ያነሰው መስሏቸው ውኃ አጠጥተዋል፤ ፍግም ጨምረዋል። ለውጥ ግን አልታየም። ከተክሎቹ አንዱን ይዘን ሳብ ብናደርገው ያለ ብዙ ትግል ከነአሚቾው ተነቅሎ መጣ። አብዛኛው ሥር አልቋል፤ በቀረው ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነገር ተለጥፏል። ችግኙን ከየት እንዳገኙት ስንጠይቃቸው ከዘመድ ለጎጆ መውጫ የተሰጣቸው መሆኑን ነገሩን።

የዚህ ጽሑፍ ዋና መልእክት ከዚህ ታሪክ ይገኛል። ሚሊበግ በራሱ ሩቅ አይሄድም፤ ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚያዛውረው ሰው ነው።

ተባዩን ማወቅ

የእንሰት ሥር ሚሊበግ ሰውነቱ ለስላሳ፣ ነጭ ሰም የለበሰ ትንሽ ነፍሳት ነው። ሴቲቱ ክንፍ የላትም። ከሥርና ከአሚቾ ላይ ፈሳሽ እየመጠጠ ይኖራል። ተባዩ በኢትዮጵያ የታወቀው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በወናጎ አካባቢ ሲሆን፣ ሳይንሳዊ ስም ወጥቶለት በጽሑፍ የተገለጸው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ጉዳቱ የሚከፋው ገና ባልጎለመሱ ተክሎች ላይ ነው። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ዓመታት ስለሚፈጅ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት የጠፋ ተክል ለቤተሰቡ የዓመታት ድካም መና መቅረት ማለት ነው።

ከአጠውልግ በሽታ መለየት

ሁለቱ በቀላሉ ይምታታሉ። በባክቴሪያ አጠውልግ የተያዘ እንሰት የቅጠሉ ዘንግ ሲቆረጥ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል። ሚሊበግ ያለበት ተክል ይህን አያሳይም። ስለዚህ የገረጣ እንሰት ሲያጋጥም ቅጠሉን ብቻ አይቶ ከመወሰን ይልቅ ግንዱ ሥር ያለውን አፈር ገለጥ አድርጎ መመልከት ያስፈልጋል። ከተክሉ ሥር ጉንዳን በብዛት የሚመላለስ ከሆነም መቆፈር ይገባል። ጉንዳን ተባዩ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ይመገባል፤ በምላሹም ተባዩን ይጠብቀዋል፤ ወደ ሌላ ሥርም ያደርሰዋል።

እንዴት ይዛመታል?

እንሰት የሚራባው አሚቾን ቀብሮ ችግኝ በማውጣት ነው። ከአንድ እናት አሚቾ በርካታ ችግኞች ይገኛሉ። እናቲቱ ሚሊበግ ካለባት ልጆቹ በሙሉ ለአደጋ ይጋለጣሉ። ከዚያም ችግኙ ይሸጣል፣ ለዘመድ ይሰጣል፣ በየጊዜውም ከቦታ ወደ ቦታ ይዛወራል። አፈር የያዘ ዶማና የጎርፍ ውኃም የበኩላቸውን ድርሻ ያደርጋሉ።

ምን መደረግ አለበት?

1. ለእናትነት የሚመረጠው አሚቾ ከጤናማ ጓሮ ይሁን። ከመቀበሩ በፊት አፈሩ ተራግፎ ሥሩ ይመርመር።

2. ችግኝ ከመተከሉ በፊት አሮጌው ሥር ተቆርጦ፣ አሚቾው በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። የተቆረጠው ሥር ይቃጠል እንጂ በጓሮ አይጣል።

3. የሚያጠራጥር ችግኝ አሚቾው በፈላ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ሰከንዶች ተነክሮ ወዲያው ይውጣ። ከቆየ ቡቃያው ይሞታል። ስለዚህ አስቀድሞ በአራት ወይም በአምስት ችግኝ ላይ ይሞከር።

4. ክፉኛ የተጎዳ ተክል ከነሥሩ ተነቅሎ ይቃጠል። ተባዩ ያለ እንሰት ሥር በአፈር ውስጥ ብዙ ሳምንታት ስለማይኖር፣ ቦታው ከሥር ርዝራዥ ጸድቶ ቢያንስ ለአንድ ወር እንሰት ሳይተከልበት ይቆይ።

5. ዶማና መቆፈሪያ ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት አፈሩ ይታጠብ።

እንሰት አሚቾው የሚበላ ተክል ነው፤ በጓሮም ከብትና ሕፃናት ይውላሉ። ስለዚህ ማንም በግምት የፀረ ተባይ መድኃኒት እንዳያፈስ እንመክራለን። መድኃኒት የግድ ከሆነ በባለሙያ ትእዛዝ፣ ለዚሁ ተግባር በተፈቀደው ዓይነትና መጠን ብቻ ይሁን።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

ማኅበራት በየቀበሌው ንጹሕ የችግኝ መደብ ቢያቋቁሙና ያልተመረመረ ችግኝ ላለማከፋፈል ቢስማሙ፣ አንድ ገበሬ ብቻውን ሊያደርገው የማይችለውን ያደርጋሉ። አንዱ ጓሮውን አጽድቶ ጎረቤቱ ካላጸዳ ድካሙ ከንቱ ነውና።

የልማት ሠራተኛው ከባዱ ሥራ ግን ሰውን ማግባባት ነው። የዘመድን ስጦታ አገላብጦ ማየት እንደ ነውር ይቆጠራል። ያን ዕለት የጎበኘናቸው ባለቤትም «የተሰጠኝን እንዴት ልመርምር?» ብለውናል። እኛም እንዲህ አልናቸው፦ ሰጪው ራሱ ሥሩን አጥቦ ቢሰጥ ለተቀባዩ ክብር ነው። ንጹሕ ችግኝ የሰጠ ሰው ለዘመዱ የዓመታት ምግብ ሰጥቶታል።