የእናት መዝገብ፣ የልጅ መዝገብ፦ በገጠር ወረዳዎች የኤች አይ ቪና የቲቢ ክትትል የት ይበጠሳል?

በገጠር ጤና ጣቢያ የስድስት ሳምንት ሕፃን ተረከዙ በትንሽ መርፌ ይወጋል። ጥቂት የደም ጠብታዎች ክብ ምልክቶች በታተሙበት ወፍራም ወረቀት ላይ ያርፋሉ። ወረቀቱ ፀሐይ በማይነካው ቦታ ይደርቅና እርጥበት ከሚመጥጥ ከረጢት ጋር ታሽጎ ወደ ላቦራቶሪ ይጓዛል፤ በአማራ ክልል ከሆነ መድረሻው ባሕር ዳር ወይም ደሴ ሊሆን ይችላል። ማቀዝቀዣ ስለማይሻ እንደ ደብዳቤ ሊላክ ይችላል፤ በኢትዮጵያም የላቦራቶሪ ናሙናዎችን የማጓጓዙ ሥራ ለፖስታ አገልግሎት ድርጅት የተሰጠበት ጊዜ አለ። ወረቀቱ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ በእናቲቱ ደም ውስጥ ያለው ቫይረስ ወደ ልጇ ተላልፏል ወይስ አልተላለፈም?

ለአዋቂ ሰው ይህ ጥያቄ ከጣት በሚወሰድ ደም በደቂቃዎች ውስጥ መልስ ያገኛል። ሕፃን ግን በማኅፀን ሳለ ከእናቱ የወሰዳቸው አንቲቦዲ የተባሉ የሰውነት መከላከያዎች እስከ 18 ወር ድረስ በደሙ ውስጥ ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ ፈጣኑ ምርመራ ስለ እናቱ እንጂ ስለ እርሱ አይናገርም። ስለዚህ የቫይረሱ የዘር ቅንጣት ራሱ መፈለግ አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ደግሞ በየወረዳው አይገኝም፤ ስለዚህም ሕፃኑ ሳይሆን የደሙ ጠብታ ይጓዛል።

መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ከቫይረሱ ጋር ተወልደው ሕክምና ካላገኙ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞታሉ። በደቡብ አፍሪካ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ደግሞ ሕመም እስኪታይ ሳይጠበቅ መድኃኒት የተጀመረላቸው ጨቅላዎች የሞት አደጋ በ76 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። በሌላ አነጋገር ሳምንታት ይቆጠራሉ፤ ፖስታው በመንገድ ላይ የሚያድርባቸው ቀናትም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

ከእናት ወደ ልጅ የሚደረገውን መተላለፍ መግታት እንደሚቻል ከታወቀ ሦስት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ምንም ጥንቃቄ ካልተደረገ ቫይረሱ በእርግዝና፣ በምጥና በጡት ማጥባት ጊዜ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 በመቶ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካና በፈረንሳይ የተደረገ ምርምር ዚዶቩዲን የተባለው መድኃኒት ይህን አደጋ በሁለት ሦስተኛ መቀነሱን አረጋገጠ። በ1999 ካምፓላ ውስጥ የተደረገው ደግሞ ለእናቲቱ በምጥ ጊዜ፣ ለልጇም እንደተወለደ የሚሰጥ አንድ አንድ የኔቪራፒን መጠን አደጋውን በግማሽ ገደማ እንደሚያወርደው አሳየ። ኢትዮጵያ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትን በነጻ ማደል የጀመረችው በ2005 ነበር። ትልቁ የአሠራር ለውጥ ግን የመጣው ከማላዊ ነው። ማላዊ በ2011 ለነፍሰ ጡሮች የበሽታ መከላከያ ሕዋስ ቆጠራን መጠበቅ ትታ፣ ቫይረሱ የተገኘባት ነፍሰ ጡር ሁሉ ወዲያውኑና ለዕድሜ ልክ መድኃኒት እንድትጀምር ወሰነች። የቆጠራ መሣሪያው በከተማ እንጂ በገጠር ስለሌለ ውሳኔው ከሁሉ በላይ የጠቀመው የገጠሯን እናት ነው። ኢትዮጵያም በ2013 ይህንኑ መንገድ ተከተለች። እናቲቱ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ከወሰደችና ልጇም መከላከያውን በወቅቱ ካገኘ፣ ጡት እየጠባም ቢሆን የመተላለፉ ዕድል ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል።

ስለዚህ ሳይንሱ አልጎደለም። የጎደለውን ለማየት ጥቂት ቁጥሮችን ማስተያየት ይበቃል። በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች መካከል ቫይረሱ በደማቸው የሚገኘው በከተማ 2.9 በመቶ፣ በገጠር ደግሞ 0.4 በመቶ መሆኑን መዘገበ። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው የገጠሩ ጉዳይ ቀላል ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን በዚያው ጥናት በጤና ተቋም የሚወለዱት ሕፃናት በከተማ 79 በመቶ ሲሆኑ በገጠር 20 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2019 የወጣው አነስተኛ ጥናት የገጠሩን ወደ 40 በመቶ አድርሶታል፤ ለሦስት ዓመት ትልቅ እመርታ ነው። ቢሆንም ከአሥር የገጠር ወላዶች ስድስቱ ያን ጊዜም የሚገላገሉት በቤታቸው ነበር።

የስርጭቱ ማነስ ራሱ ሌላ ችግር ይወልዳል። በአዲስ አበባ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ቫይረሱ ያለባትን ነፍሰ ጡር መቀበል የዘወትር ሥራዋ ሊሆን ይችላል። በሩቅ ወረዳ ያለች ባልደረባዋ ግን እንዲህ ያለች እናት ሳታይ ወራት ሊያልፏት ይችላሉ። ሥልጠናው ይረሳል፣ የመመርመሪያው ወረቀት ጊዜው ያልፍበታል፣ ለጨቅላው የሚሰጠው ሽሮፕም መደርደሪያ ላይ ላይገኝ ይችላል። ብርቅ ለሆነ እንግዳ ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ መኖር ከባድ ነው።

እንበልና እናቲቱ ተመርምራ፣ መድኃኒቷን ጀምራ፣ በሰላም ተገላገለች። ከዚህ በኋላ በወግ አራስ ናት። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ ከቤት አለመውጣት በብዙ የገጠር ቤተሰቦች ዘንድ የተለመደ ነው። የሕፃኑ የደም ምርመራ ደግሞ ልክ በስድስተኛው ሳምንት ይጠበቃል። መርሐ ግብሩን የነደፉ ባለሙያዎች ምርመራውን ከ45 ቀኑ ክትባት ጋር ማጣመራቸው ብልህነት ነው፤ ክትባቱን እናቶች ያውቁታል፣ ጎረቤትም «ወዴት ነሽ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ አያሳፍርም። ግን ክትባቱ በአቅራቢያ ባለ ጤና ኬላ ሲሰጥ የደም ናሙናው የሚወሰደው በጤና ጣቢያ ነው። አንዳንዷ እናት ደግሞ እንዳትታወቅ ብላ መድኃኒቷን የምትወስደው ከቅርቡ ሳይሆን ከራቀው ከተማ ነው። በዚህም ጊዜ የእናት መዝገብ በአንድ ቦታ፣ የልጅ መዝገብ በሌላ ቦታ ይቀራል። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አድርጎ የሚያነብ ሰው ከሌለ ሕፃኑ መጥፋቱ እንኳ አይታወቅም።

ቲቢ ሲጨመር መዝገቦቹ ሦስትና አራት ይሆናሉ። በዓለም ዙሪያ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎችን ከሁሉ ይበልጥ የሚገድለው ቲቢ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከጸናባቸው አገሮች ዝርዝር ብትወጣም፣ በቲቢና በቲቢ-ኤች አይ ቪ ጥምር ጫና ከሚታወቁት ዝርዝሮች ግን አልወጣችም። የመጀመሪያው ማጣሪያ አራት ጥያቄ ብቻ ነው፦ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ። ነፍሰ ጡር ሴት ግን በእርግዝናዋ ክብደት ስለምትጨምር ክሳቷ ይሸፈናል፤ ድካሟም የእርግዝና ድካም ተብሎ ይታለፋል።

ምርመራው አዎንታዊ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ሁለቱ ክፍሎች መነጋገር ይኖርባቸዋል። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ፈጥኖ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ዛሬ በብዛት የሚታዘዘው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ዶሉቴግራቪር በቀን አንድ ጊዜ መወሰዱ ቀርቶ ሁለት ጊዜ መወሰድ ያለበት ለዚህ ነው። የቲቢው ክፍል ለኤች አይ ቪው ክፍል ሳይነግር ሕክምና ቢጀምር፣ እናቲቱ ክኒኗን አንድም ቀን ሳታዛንፍ እየዋጠች በደሟ ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ሊያንስ ይችላል። ያን ጊዜ ቫይረሱ ያንሰራራል፤ ጡት ለሚጠባው ልጅም አደጋ ይሆናል። በአንድ ኮሪደር ላይ ባሉ ሁለት በሮች መካከል የሚፈጠር ክፍተት ነው።

የልጆች ቲቢ ከሁሉ ይከብዳል። ትንሽ ልጅ አክታ መትፋት አይችልም፤ ያወጣውን ይውጠዋል። በሰውነቱ ያለው ባክቴሪያም ጥቂት ስለሆነ በማይክሮስኮፕ አይገኝም። ለብዙ ዘመን የነበረው አማራጭ በአፍንጫ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ከባዶ ሆድ ፈሳሽ መቅዳት ነበር፤ ለልጁ ስቃይ፣ ለወላጅ ሰቀቀን፣ ለገጠር ጤና ጣቢያ ደግሞ ከአቅም በላይ። መፍትሔው የመጣው ማንም ሊያየው ከማይወደው ነገር ነው። የተዋጠው አክታ መጨረሻው ሰገራ ነውና፣ ጥቂት ሰገራ በእንጨት ዘንግ ተወስዶ ለአክታ ምርመራ ከተዘጋጀው ፈሳሽ ጋር ይቀላቀላል፤ ተንጦ ይቆያል፣ ዳግም ተንጦ ይቆያል፤ ከላይ የጠራው ፈሳሽ ወደ ጂን ኤክስፐርት መሣሪያ ካርትሪጅ ይገባል። ውጤቱ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይታወቃል። ዘዴውን የኔዘርላንዱ ኬ ኤን ሲ ቪ የቲቢ ፋውንዴሽን ሲያዳብር፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ናሙናው በሙቀትና በጉዞ ምን ያህል እንደሚጸና ፈትሸዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ሰገራን ለልጆች የቲቢ ምርመራ ተቀብሎታል። አዋቂዎች ሲያፍሩበት የኖሩት ነገር ልጅን ከቱቦ አዳነ።

መድኃኒቶቹም ልጅን መስለዋል። በውኃ የሚሟሙና የፍራፍሬ ጣዕም ያላቸው የቲቢ ክኒኖች ተሠርተዋል፤ ያልጠና ቲቢ ላለባቸው ልጆች ሕክምናው ከስድስት ወር ወደ አራት ወር አጥሯል። የልጆች ዶሉቴግራቪርም እንጆሪ እንጆሪ ይላል። ቀድሞ አዋቂዎች የሚውጡትን ክኒን በቢላ ይከፍሉ ለነበሩ እናቶች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በእነዚህ ሁሉ መካከል የሚመላለሰው ሰው ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 በጀመረችው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየቀበሌው ሁለት ሴቶች እየሠለጠኑ ተመድበዋል። አብዛኞቹ የዚያው አካባቢ ልጆች ስለሆኑ የማን ቤት የት እንደሆነ፣ ማን አራስ እንደሆነች፣ በየትኛው ቤት ሳል እንደከረመ ያውቃሉ። ይህ ዕውቀታቸው ጥቅምም ጉዳትም አለው፤ ጎረቤት ስለሆነች ብቻ ምስጢሯን የማትነግራት እናት አትጠፋም። ለዚህም ነው ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር እየኖሩ ጤነኛ ልጅ የወለዱ እናቶች በጤና ጣቢያዎች ሌሎችን እንዲደግፉ የተደረገው። «እኔም እንዳንቺ ነበርኩ» የሚለው ቃል ከነርስ አፍ አይወጣም። የሃይማኖት አባቶችም ድርሻ ነበራቸው፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ጠበልና የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ጎን ለጎን ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸው፣ በሁለቱ መካከል ለመምረጥ የተገደዱ ለሚመስላቸው ምእመናን መንገድ ከፍቷል።

የዚህ ሥራ ወጪ ከየት ይሸፈን ነበር ለሚለው ጥያቄ የመልሱ ከፊል የሚገኘው በቴክሳስ ነው። የዳላስ ፎርት ዎርዝ አውሮፕላን ማረፊያ ከፊል ይዞታ ከሚያርፍባት ከግሬፕቫይን ተነሥቶ ወደ ዳላስ የሚያቀና መኪና፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ በአንድ ሰዓት ውስጥ የጆርጅ ደብልዩ ቡሽ ፕሬዚዳንታዊ ማዕከል ደጃፍ ይደርሳል። ፕሬዚዳንቱ እ.ኤ.አ. ጥር 2003 ለአሜሪካ ምክር ቤት ይፋ ያደረጉት ፔፕፋር የተባለው የኤድስ መርሐ ግብር መጀመሪያ ትኩረት ካደረገባቸው 15 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። መድኃኒት፣ ላቦራቶሪ፣ ሥልጠና፣ የሠራተኛ ደመወዝም በእርሱ ተደግፏል። በአካባቢው የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በማዕከሉ አጠገብ ሲያልፉ ይህን ትስስር ልብ አይሉት ይሆናል።

እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታን ሲያግድ በኢትዮጵያ በዚሁ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ መታዘዙ በቀናት ውስጥ ተዘገበ። ቀጥሎ የመጣው የተወሰነ ፈቃድ ሕይወት አድን የኤች አይ ቪ ሕክምናንና ከእናት ወደ ልጅ የሚደረግ መተላለፍን መከላከልን ከእገዳው ነጻ አድርጓል። ነገር ግን ክኒኑ ከመጋዘን መውጣቱ ብቻውን አይበቃም፤ ቀጠሮዋን ያሳለፈችውን እናት ስልክ የሚደውልላት፣ ከላቦራቶሪ የመጣውን ውጤት ከመዝገቡ ጋር የሚያገናኘው ሰው ያስፈልጋል። የሰሜኑ ጦርነትና ከ2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ጤና ተቋማትን ባወደመባቸውና መንገድ በዘጋባቸው ወረዳዎች ደግሞ ክፍተቱ በክፍተት ላይ ተደርቧል። ቦትስዋና በ2021 ከፍተኛ የቫይረስ ስርጭት ካለባቸው አገሮች የመጀመሪያ ሆና የዓለም ጤና ድርጅትን የእውቅና ደረጃ ስታገኝ፣ ወላዶቿ ከሞላ ጎደል ሁሉም በጤና ተቋም ይገላገሉ ነበር፤ አገሩም ሰላም ነበረ።

በስድስተኛው ሳምንት የተላከው ወረቀት «ነጻ ነው» ብሎ ቢመለስም ጉዳዩ በዚያ አያበቃም። ልጁ ጡት እስከጠባ ድረስ አደጋው አለ፤ ስለዚህ በየጊዜው ይመዘናል፣ ስለ ሳልና ትኩሳት ይጠየቃል፣ ጡት ከተወ በኋላም ዳግም ይመረመራል። የክትትል መዝገቡ የመጨረሻ ዓምድ የሚሞላው ልጁ 18 ወር ሲሆነው ነው። ያን ጊዜ ልጁ በእግሩ እየተራመደ ወደ ክፍሉ ሊገባ ይችላል፤ ወይም ነርሷ ስሙን ጠርታ ዓምዱን ባዶውን ትተወዋለች።