እውነት ወይስ ተረት? ከቀስተ ደመናው በፊት ሜዳ ላይ የነበሩት

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን በየኳስ ማሳያ ቤቱ የሚከታተለው ተመልካቻችን በአምበሎች ክንድና በጫማ ማሰሪያዎች ላይ የቀስተ ደመና ቀለማትን ለዓመታት አይቷል። ምልክቱ ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የአጋርነት ማሳያ ነው፤ ተመልካቹ ትርጉሙን የሚሰማው ግን አብዛኛውን ጊዜ አጠገቡ ከተቀመጠው ሰው ነው፤ በዚያም ብዙ ስህተት ይተላለፋል። ስለ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ያለን አቋም ምንም ይሁን ምን፣ ስለ ሰዎች ሕይወት የምናወራው እውነት መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ተረት፦ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነት ስፖርት ውስጥ የገባው ትናንት ነው

ትናንት የመጣው ምልክቱ ነው፤ ስፖርተኞቹ ከጥንትም ነበሩ። ማሞ ወልዴ ማራቶንን ባሸነፈበት የ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሊምፒክ፣ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ የነበረው አሜሪካዊው ሐኪም ቶም ዋዴል በዴካትሎን 6ኛ ወጥቷል። በ1982 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ጌይ ጌምስ የተባለውን፣ ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆነ ውድድር የጀመረው ይኸው ሰው ነው። ውድድሩን ኦሊምፒክ ብሎ ሊጠራው ሲል የአሜሪካ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ከሰሰ፤ በ1987 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ለኮሚቴው ፈረደ። ዋዴል በዚያው ዓመት አረፈ። ውድድሩ ግን ዛሬም አለ።

ተረት፦ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ የሆነ ሰው ለኳስ የሚሆን ጥንካሬ የለውም

እንግሊዛዊውን አጥቂ ጀስቲን ፋሻኑን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው ይህን የሚለው። በፌብሩዋሪ 1980 ኖርዊች ሲቲ በሜዳው ሊቨርፑልን ሲያስተናግድ የኖርዊቹ ፋሻኑ ገና 19 ዓመት አልሞላውም። ከፍፁም ቅጣት ምት ክልሉ ውጭ፣ ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ ኳሷን ተቀበለ፤ በቀኝ እግሩ ወደ ላይ አነሳት፤ ዞረና መሬት ሳትነካ በግራው መታት። የሊቨርፑሉ ግብ ጠባቂ ሬይ ክሌመንስ ሊደርስባት አልቻለም። ኖርዊች ጨዋታውን 5 ለ3 ቢሸነፍም ጎሏ በቢቢሲ የዓመቱ ምርጥ ተባለች። በ1981 ኖቲንግሃም ፎረስት በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዛው፣ ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት የመጀመሪያው ጥቁር እንግሊዛዊ ተጫዋች ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስብ እናደዳለሁ። አሰልጣኙ ብራያን ክለፍ ልጁ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የሚሰበሰቡበት ክለብ ይሄዳል ሲባል ሰማ። ጠርቶ እንዴት እንደገሠጸው ክለፍ ራሱ በሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ ላይ ጽፎታል። ከቡድኑ ጋር እንዳይለማመድም አገደው። ፋሻኑ በፎረስት በ32 የሊግ ጨዋታዎች 3 ጎል ብቻ አስቆጥሮ በ150 ሺህ ፓውንድ ለኖትስ ካውንቲ ተሸጠ። በኋላ የደረሰበት የጉልበት ጉዳትም ለውድቀቱ ድርሻ እንደነበረው መካድ አይገባም። ቢሆንም በ20 ዓመቱ በገዛ አሰልጣኙ የተገፋ ልጅ ብቃቱን ለማሳየት ምን ዕድል ነበረው?

ተረት፦ ራሳቸውን በይፋ የሚገልጹት ለዝናና ለጥቅም ነው

ፋሻኑ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኑን በኦክቶበር 1990 ለአንድ ጋዜጣ ተናገረ። ከደጋፊዎች ስድብ ወረደበት፤ ወንድሙ ጆን፣ እሱም ታዋቂ አጥቂ፣ በጋዜጣ በአደባባይ ካደው። ጆን ይህን በማድረጉ እንደተጸጸተ ከዓመታት በኋላ ተናግሯል። ጀስቲን ግን ያን አልሰማም፤ በአሜሪካ የቀረበበትን የጥቃት ውንጀላ አልፈጸምኩም ብሎ ጽፎ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በ1998 በ37 ዓመቱ ሕይወቱን አጠፋ። የቴኒሷ ቢሊ ጂን ኪንግ ደግሞ የመናገር ምርጫ እንኳ አልነበራትም። በ1981 የቀረበባት የፍርድ ቤት ክስ ምስጢሯን አወጣው፤ የማስታወቂያ ውሎቿም ወዲያው ተሰረዙ።

ተረት፦ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የታሪክ ወር ልጆችን ለመመልመል የተፈጠረ ነው

ብሪታንያ ውስጥ በ1988 የወጣ ሕግ የአካባቢ መስተዳድሮች ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነትን "እንዳያስፋፉ" ከለከለ። ብዙ መምህራን በሕጉ የተነሳ በዚህ ማንነቱ የሚሰደብ ተማሪን ለመርዳት እንኳ ፈሩ። ሕጉ በእንግሊዝና በዌልስ የተሻረው በ2003 ነው፤ በየፌብሩዋሪው የሚታሰበው የታሪክ ወርም በ2005 ተጀመረ። የተነሣው ዝም የተባለን ታሪክ ለመናገር ነው። ፋሻኑም የተወለደው በፌብሩዋሪ 19 ነውና በዚህ ወር ስሙ ይነሳል።

ተረት፦ ተጫዋቾች የቀስተ ደመናውን ምልክት ክንዳቸው ላይ እንዲያስሩ ይገደዱ ነበር

አይገደዱም ነበር። በ2024 መጨረሻ የኢፕስዊች አምበል ሳም ሞርሲ በሃይማኖቱ ምክንያት አላሰረም፤ ክለቡም ውሳኔውን አከበረለት። የክሪስታል ፓላሱ ማርክ ጌሂ ደግሞ ክንዱ ላይ ባሰረው የቀስተ ደመና ምልክት ላይ ስለ ኢየሱስ ጻፈበት፤ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ሃይማኖታዊ መልእክት እንደማይፈቀድ አሳሰበ እንጂ አልቀጣውም።

ተረት፦ አሁን ችግሩ አልቋል

በሴቶች እግር ኳስ ብዙ ተለውጧል። የ2019ኙ ዓለም ዋንጫ ኮከብ ተጫዋችና ኮከብ ግብ አግቢ ሜጋን ራፒኖ ማንነቷን ሳትደብቅ ነው የተጫወተችው። በወንዶቹ ግን ከፋሻኑ በኋላ በብሪታንያ በፕሮፌሽናል ደረጃ እየተጫወተ በይፋ የተናገረ ተጫዋች እስኪገኝ 32 ዓመት ፈጀ። የዌስትሃምና የኤቨርተኑ ቶማስ ሂትዝልስፐርገር እንኳ የተናገረው ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ነው። ዝምታውን የሰበረው የ17 ዓመቱ የብላክፑል አጥቂ ጄክ ዳንኤልስ ነው፤ በሜይ 2022። ምስጢሩን ለእናቱና ለእህቱ በነገረ ማግስት ከአክሪንግተን ጋር ተጫውቶ አራት ጎል እንዳስቆጠረ ተናግሯል።