የእቶኑ ዐመድና የአውድማው ዐፈር
የጤፍ ብረት በምርመራ እንዴት እንደሚታወቅ

ጤፍ የብረት ማዕድን የሞላበት እህል ነው ሲባል ብዙ ሰው ሰምቷል። ይሁን እንጂ ተመርምሮ የሚጻፈው የብረት ልክ ከእህሉ ብቻ የተገኘ ነው ወይስ እህሉ ከተወቃበት አውድማ ጭምር? ይህ ጥያቄ ለገበሬውም፥ ለሸማቹም፥ ስለ ሕዝብ ምግብ ለሚያስብ ባለሥልጣንም የሚጠቅም ነው። የምርመራው መጀመሪያ እህሉን በእቶን አቃጥሎ ዐመዱን ማግኘት ነው።

እህል ሲቃጠል ውሃው፥ ስታርቹ፥ ፕሮቲኑና ስቡ በእንፋሎትና በጢስ ይሄዳል፤ ካልሲየም፥ ፎስፎረስ፥ ብረትና እነዚህን የመሳሰሉት ማዕድናት ግን በዐመዱ ይቀራሉ። በተራ ምድጃ ቢቃጠል የማገዶው ዐመድ ስለሚቀላቀልበት፥ ሙቀቱ የሚለካ ዝግ የኤሌክትሪክ እቶን ያስፈልጋል።

የሥራው ሥርዐት እንዲህ ነው። አስቀድሞ ባዶው የሸክላ ጽዋ በእቶን ግሎ፥ ቀዝቅዞ ይመዘናል። ከዚያ በኋላ የደረቀና የተፈጨ 5 ግራም ያህል እህል ይጨመርበትና ጢሱ እስኪያልቅ በዝግታ ይከስላል፤ በችኮላ ቢነድ ነበልባሉ ዱቄቱን ይዞት ይወጣልና። ቀጥሎም በ550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ዐመዱ ነጭ ወይም ግራጫ እስኪሆን ለብዙ ሰዓት ይቈያል። ትኩሱ ጽዋ ርጥበት በማይገባበት ዕቃ ቀዝቅዞ እንደ ገና ይመዘናል። የተገኘው ዐመድ 0.15 ግራም ቢሆን፥ ከመቶ 3 እጅ ነው ማለት ነው። ሙቀቱ ከልክ ቢያልፍ ከማዕድናቱ አንዳንዶቹ፥ ይልቁንም ፖታሲየም፥ ተንነው ይጠፋሉ። ናይትሮጅንም በእሳቱ ስለሚሄድ የፕሮቲን ምርመራ ባልተቃጠለው እህል ይደረጋል።

እቶኑ የሚቃጠለውን ከማይቃጠለው ይለያል እንጂ የእህሉን ማዕድን ከአውድማው ዐፈር አይለይም። ዐመዱ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲፈላ የእህሉ ማዕድናት ይሟሟሉ፤ አሸዋው ግን ሳይሟሟ ይቀራል። ይህ ዝቃጭ ተጣርቶ፥ እንደ ገና ተቃጥሎ ሲመዘን የዐፈሩ ምስክር ይሆናል። ገለባ በተፈጥሮው ሲሊካ ስላለበት አስቀድሞ በደንብ መናፈስ አለበት። ከዐፈሩ ብረት ግን ከፊሉ በአሲዱ ስለሚሟሟ፥ ከጤፉ ብረት ጋር አብሮ ይቈጠራል። ስሕተቱ የሚገባው በዚህ በር ነው።

የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ነው፤ አንድ ሺህ ፍሬ ግማሽ ግራም አይሞላም። በመሬት ላይ በበሬ እግር ሲበራይ ትቢያው ይጣበቅበታል፤ የላመው አሸዋም በወንፊት አይለይም። በ1963 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በስዊድን የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ጤፍ ላይ የታየው የብረት ብዛት ከዐፈር ቅልቅል የመጣ መሆኑን አመልክቷል። በ1980 ዓ.ም. በዚያው አቈጣጠር በኢትዮጵያ የወጣ ሌላ ጥናትም ጤፉ በአሲድ ሲታጠብ ብረቱ እጅግ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ይህም ጤፍን የሚያዋርድ አይደለም፤ ጤፍ መልካም ምግብ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን በዐፈር ውስጥ ካለው ብረት ብዙው ለሰውነት በቀላሉ አይዋሐድም። ስለዚህ ደም ላነሰው ልጅ በወረቀት ላይ በተጻፈው ቍጥር ብቻ ተማምኖ ሌላውን ምግብና ሕክምና መተው ጕዳት አለው።

እህሉን ለምርመራ የሚልክ ሰው ከልዩ ልዩ ጆንያ፥ ከላይም ከመካከልም ከታችም ወስዶ ይቀላቅል፤ ከድብልቁም ጥቂት ከፍሎ በንጹሕ ዕቃ ይላክ። በብረት ሙቀጫ አይውቀጠው፤ ሙቀጫው ራሱ ብረት ይጨምርበታልና። ከዚያው ማሳ ዐፈር ሳይነካው በእጅ የታሸ ጥቂት ጤፍ ለብቻው ቢልክ፥ ሁለቱ ዐመዶች ሲተያዩ አውድማው የጨመረው ይታወቃል። አውድማውን በእበት አጥብቆ መለቅለቅ፥ ቢቻልም በሸራ ላይ መውቃት ለገበታም ለገበያም ንጹሕ እህል ያስገኛል። እቶኑ የተሰጠውን ይመረምራል፤ የእህሉ ንጽሕና ግን የሚጀምረው ከገበሬው አውድማ ነው።