ከአንድ እንቁላል በላይ፦ ባዝራና የጽንስ ዝውውር

ባዝራ በመራቢያ ወቅቷ በየ21 ቀኑ ገደማ አንድ እንቁላል ትለቃለች። የጽንስ ዝውውር (ከለጋሽ ባዝራ ጽንስ ወስዶ ወደ ሌላ ተቀባይ ባዝራ ማህፀን የማዛወር) ባለሙያዎችን ለ50 ዓመታት ያስቸገራቸው ይኸው አንድ እንቁላል ነው። ለጋሿ ባዝራ ከተዳቀለች በኋላ ማህፀኗ በ7ኛው ወይም በ8ኛው ቀን ይታጠባል፤ ጥሩ እጅ ያለው ሐኪም እንኳ ግማሽ ያህሉን ጊዜ ጽንስ አያገኝም።

ላም ላይ ብዙ እንቁላል ማስለቀቅ የተለመደ ሥራ ሆኗል። ለዚህ ሲሠራባቸው ከኖሩት ሆርሞኖች አንዱ ኢሲጂ ሲሆን፣ የሚገኘውም ከእርጉዝ ባዝራ ደም ነው። ባዝራዋ ራሷ ላይ ግን በከፍተኛ መጠን ቢወጋም ብዙ አይሠራም። ሌሎች እንስሳት ላይ የእንቁላል ከረጢት የማሳደግ ኃይል ያለው ይህ ሆርሞን፣ በፈረስ አካል ውስጥ ያ ኃይሉ እጅግ ደካማ ነውና። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከፈረስ ፒቱታሪ ዕጢ የወጣ ንጥረ ነገር መሞከር ጀመሩ፤ በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ውጤት ታየ። ኋላ ተጣርቶ ኢኤፍኤስኤች በሚል ለገበያ ቀረበ፤ ከዚያም በላቦራቶሪ የሚመረት ዓይነቱ መጣ።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተከታተለ፣ የእንቁላል ከረጢቶቹ ከ20 እስከ 25 ሚሊሜትር ሲደርሱ ጠዋትና ማታ መውጋት ይጀምራል። 35 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆኑ መርፌውን ያቆምና እንቁላሎቹን የሚያስለቅቀውን ኤችሲጂ ይሰጣል። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከሦስት እስከ አራት እንቁላል ነው፤ ጽንሱ ግን በዚያው ልክ አይጨምርም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የባዝራ እንቁላል ማምረቻ አፈጣጠር ይመስለኛል። የላም እንቁላል ከማምረቻዋ ገጽ ከየትም ሊወጣ ይችላል፤ የባዝራ ግን እንቁላል ያዘለው ክፍል ወደ ውስጥ የተቀበረ ነው፤ መውጫውም አንዲት ጎድጓዳ ሥፍራ ብቻ ናት። ከረጢቶቹ በአንዴ ሲበስሉ በአንድ ጠባብ በር እንደሚጋፋ ሕዝብ ይሆናሉ።

ዛሬ አውሮፓ ውስጥ እንቁላሉን በቀጥታ ከከረጢቱ በመርፌ ቀድቶ በላቦራቶሪ የማዳቀል ዘዴ እየተስፋፋ ነው። የፖሎ ፈረስ በሚረባባት አርጀንቲና ግን ማህፀን ማጠቡ አሁንም በሰፊው ይሠራበታል። የእንግሊዝ ዘር እሽቅድድም ፈረሶች መዝገብ ደግሞ በጽንስ ዝውውር የተወለደን ውርንጭላ አይቀበልም።

እኔ አሥር እንቁላል ከማሳደድ ሁለት ወይም ሦስት ጤነኛ እንቁላል ማግኘቱን እመርጣለሁ። እያንዳንዱ ጽንስ የራሱን ተቀባይ ባዝራ ይፈልጋል፤ እሷም እንቁላሏን የለቀቀችው ከለጋሿ ጋር በተቀራረበ ቀን መሆን አለበት። ተቀባይ ያልተዘጋጀለት ትርፍ ጽንስ ለባለቤቱም ለባዝራዋም አይጠቅምም።