ለአጥንት የተዋጠው ካልሲየም የት ይደርሳል?

ከአሜሪካ ዘመድ ሲመጣ ከሻንጣው ብዙ ጊዜ የማይጠፋ ነገር አለ፤ «ለእማዬ አጥንት» ተብሎ የተገዛ የካልሲየም እንክብል። እስቲ ዛሬ ዕቃውን አዙረን ጀርባውን አብረን እናንብብ። አንዱ እንክብል አብዛኛውን ጊዜ 500 ወይም 600 ሚሊ ግራም ይላል። ሁለት ብርጭቆ ወተት ውስጥ ያለውን ያህል መሆኑ ነው። ወተቱ ግን ከምግብ ጋር ቀስ እያለ ይገባል፤ እንክብሉ ባንዴ ይዋጥና በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ለሰዓታት ከፍ ያደርገዋል። ስለ ደም ቧንቧ የሚነሣው ጥያቄ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሴት ስታርጥ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይቀንሳል። አጥንቷ ቶሎ ቶሎ ይሳሳል፤ ደም ቅዳ ቧንቧዎቿም እየደረቁ ይሄዳሉ። የሚገርመው፣ ካልሲየም ከአጥንት በሚሸሽበት በዚያው ዕድሜ የቧንቧ ግድግዳ ላይ ይከማቻል! ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ዝም ብሎ የሚለጠፍ ግን አይምሰላችሁ። የቧንቧው የጡንቻ ሕዋሳት ራሳቸው አጥንት ሠሪ ሕዋሳትን መምሰል ይጀምራሉ። ይህን የሚከለክል ፕሮቲን አለ፤ እሱም ሥራውን የሚሠራው ቫይታሚን ኬ ሲያገኝ ነው።

ታዲያ እንክብሉ ነገሩን ያባብሰዋል? በኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ፣ 1,471 ያረጡ ሴቶች ለ5 ዓመት ተጠኑ። ግማሾቹ በቀን 1 ግራም ካልሲየም ወሰዱ፤ የቀሩት ምንም የሌለበት ተመሳሳይ እንክብል። በ2008 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ ካልሲየም በወሰዱት ላይ ሃርት አታክ በዝቶ ታየ፤ ከአገሪቱ መዝገብ ጋር ሲመሳከር ግን ልዩነቱ ጠበበ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ 36,282 ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት፣ 1,000 ሚሊ ግራም ካልሲየም ከቫይታሚን ዲ ጋር ለ7 ዓመት ያህል ተሰጥቶ የልብ ሕመም አልጨመረም። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ወንዶችንም ሴቶችንም ለ10 ዓመት ያህል ተከታትሎ፣ እንክብል በሚወስዱት የልብ ቧንቧ ላይ ካልሲየም የመታየት ዕድሉ በ22 በመቶ ከፍ ብሎ አገኘው፤ በአመዛኙ ከምግብ ብዙ ካልሲየም በሚያገኙት ላይ ግን ዝቅ ያለ ነበር። ይህኛው የሰዎቹን ልማድ የታዘበ ጥናት ስለሆነ ብቻውን አይፈርድም። ቢሆንም ሦስቱን አንድ ላይ ሳያቸው፣ ማዕዱ ከእንክብሉ ይቅደም እላለሁ።

በአሜሪካ መመሪያ ከ50 ዓመት በላይ ላለች ሴት በቀን የሚመከረው 1,200 ሚሊ ግራም ነው፤ ምግቡም እዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። ስለዚህ መጀመሪያ በቀን የምትበላውን እንቁጠር፦ ጠዋት ወተት፣ ምሳ ላይ በጤፍ እንጀራ ጎመንና አይብ፣ ማታ እርጎ። የጎደለ ካለ እንክብሉ የጎደለውን ብቻ ይሙላ። ሐኪም ያዘዘላት ከሆነ በራሷ አታቋርጥ፤ ዕቃውን ይዛ ሄዳ ትጠይቅ።

እና ወዳጆቼ፣ የሚቀጥለው ሻንጣ ከመታሰሩ በፊት ስልክ ደውሉና «እማዬ፣ ዛሬ ምን በላሽ?» በሏት።